የቆመው ሰርቨር

ጉንዳን የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት አባቷ ነበሩ። ልጅ ሳለች አንድ የጠፋ ነገር ፍለጋ ከገባች እህል ውሃ የለም፤ የተበጠሰ ሐብል ዶቃ ይሁን የራዲዮ ብሎን፣ ከአልጋ ሥር በሆዷ ተስባ ሳታወጣው አትነሳም ነበር። «ይቺስ ጉንዳን ናት፤ አንዴ ከነከሰች ወገቧ ይበጠሳል እንጂ አትለቅም» ብለው ቀለዱ፤ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ። እሳቸው ካለፉ ቆይተዋል። ስሙ ግን ከቤት አልፎ መሥሪያ ቤቷም ድረስ ተከትሏታል።

ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍና የተጻፈው ሲታመም ማከም ነው። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ከጎማ መሸጫ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚሠራው። ሙቀት ሲበረታ የጎማው ሽታ በደረጃው ይወጣና ቢሮውን ይሞላዋል። ትልቁ ደንበኛቸው አንድ ሆስፒታል ነው። ነርሷ የታማሚውን ክብደትና የመድኃኒቱን ዓይነት ስታስገባ፣ እነ ጉንዳን ጃቫ በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፉት ፕሮግራም መጠኑን አስልቶ ይነግራታል። ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ዋና ኮምፒዩተር፣ ሰርቨሩ፣ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ተቀምጦ ከድንገተኛ ክፍል እስከ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሁሉንም ያገለግላል።

ታናሽ እህቷ እዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። ቁመቷ ከጉንዳን በክንድ ቢበልጥም ቤት ውስጥ «ትንሿ» እንደተባለች ቀርታለች። ሁለቱም ከእናታቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ የተጣሉትም በእናታቸው ራት ላይ ነው።

«የእናንተ ኮምፒዩተር ዛሬ ጉድ ሊሠራኝ ነበር» አለች ትንሿ። «ለአንድ የደከሙ አዛውንት የጨቅላ ሕፃን መጠን አወጣልኝ። ደንግጬ መልሼ ሳስገባው ትክክለኛውን ሰጠኝ።»

«ክብደቱን ተሳስተሽ ጽፈሽ ይሆናላ።»

«ዓይን የለኝም?»

«አለሽ። ግን ስትደክሚ ማንም ሰው…»

«በሉ እንግዲህ! ኮምፒዩተሩ አይደክምም፣ እኔ ደክሜያለሁ።» ትንሿ ሰሃኗን ገፋ አድርጋ ተነሳች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው፤ እሱ ይብስ ነበር።

እናትየው የተረፈውን ምግብ እየከደኑ፣ «ብትሰሚያት ምን ነበረበት?» አሉ። «መቼም ዋሽታ አታውቅ።»

ጉንዳን በአፏ እንዲያ አለች እንጂ ሆዷ አላረፈም። በማግሥቱ በጠዋት ቢሮ ገብታ ፕሮግራሙን በራሷ ኮምፒዩተር ላይ አስነሳችና እንደ አዛውንቱ ያለ የትልቅ ሰው ክብደት ታስገባ ጀመር። ትክክለኛው መጠን ወጣ። ደገመችው፤ ያው። እዚያው ኮምፒዩተሯ ላይ ያለውን የሙከራ ሰርቨር ዘግታ እንደገና አስነሳች፤ ያው ነው። እንዲህ ስትለፋ የኔትወርክ ባለሙያቸው መጣ። ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ኬብል ይሉታል።

«እስቲ አንዴ ተነሽልኝ» አላት። «የሆስፒታሉ ማትሮን፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ ለአለቃ ደውለው ያንኑ የተሳሳተ መጠን ነገር አንስተዋል። እዚያ ሰርቨር ድረስ የሚያስገባው ደግሞ ያንቺ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። አንዲት ነገር ልይና እለቅልሻለሁ።»

ተነሳችለት። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ፣ ከጎማ ሻጩ ጋር ስለ ሽታው ትንሽ ተጨቃጭቃ ስትመለስ ኬብል የለም። ሌላ ደንበኛ ጋ መሥመር ተቋርጦ ጠርተውት ሄዷል፣ አሏት። ወንበሯን ዝቅ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ላለው ነገር ዲበገር የሚባል መሣሪያ አላቸው። ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ ፖርት በምትባል በር ገብቶ ይጣበቅበታል። ከዚያ በፈለጉት መስመር ላይ ቀይ ነጥብ ያስቀምጣሉ፤ ሩጫው እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ባለበት ቀጥ ይላል። እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደያዘ ገልጦ ማየት ይቻላል። ልቀቅ እስኪሉት ድረስ ንቅንቅ አይልም። ጉንዳን ይህን መሣሪያ ትወደዋለች፤ አልጋ ሥር በባትሪ እንደመግባት ያለ ነገር ነው።

ነገር ግን በሩ የሚከፈተው ሰርቨሩ ሲነሳ «በሩን ክፈት» የምትል ትእዛዝ ከተጨመረችለት ነው። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምራ ሰርቨሩን ያስነሳችው በተለመደው ትእዛዝ ነው፤ የበሩ ነገር ትዝም አላላት። በሌላ ቀን ቢሆን ዲበገሩ «በሩ ዝግ ነው» ብሎ ይመልሳት፣ እሷም ግንባሯን መታ አድርጋ ታስተካክለው ነበር። ያን ዕለት ግን «ተገናኝቷል» አላት።

መጠኑ ከመሰላቱ በፊት ባለው መስመር ላይ ቀይ ነጥቧን አስቀመጠች። የአዛውንቱን ክብደት አስገብታ ተጫነች። ይቆማል ብላ ስትጠብቅ ገጹ ዓይን ሳያርገበግብ መልሱን ይዞ መጣ። ትክክለኛ መጠን።

«ምን ሆነህ ነው የማትቆመው?» አለችው ኮምፒዩተሩን።

አፏን ሳትዘጋ ዲበገሩ ብልጭ አለ። ቆመ።

ዘግይቶ የደረሰ መሰላትና ጎንበስ ብላ ቁጥሮቹን አየች። ከገጹ የገባው ክብደት ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ኪሎ ይላል። ለስሌት የተዘጋጀው ክብደት ግን ሰባ አራት ኪሎ ይላል። አንድ ሰው፣ ሁለት ክብደት!

«ያዝኩህ!» ብላ ጮኸች። ከወንበሯ ብድግ አለች።

በአንድ ጊዜ ገብቷት ነበር። ፕሮግራሙ የታማሚውን ክብደት የሚያኖርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ነርሶቹ ሁሉ ሳያውቁት ይጋሩታል። ገበያ ውስጥ አንድ ሚዛን ለሁለት እንደመጠቀም ነው፤ አንዷ ሽንኩርቷን አስቀምጣ ቁጥሩን ሳታነብ፣ ሌላዋ አንስታ ድንቿን ትጭናለች። የመጀመሪያዋ የድንቹን ክብደት አንብባ ትሄዳለች። ጉንዳን ብቻዋን ስትሞክር ስሕተቱ ያልወጣላትም ሚዛኑን የሚሻማት ሰው ስላልነበረ ነው።

ጩኸቷን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ከጎን ክፍል መጣ። ምንም ቢነግሩት መልሱ አንድ ስለሆነ በቅጽል ስሙ «ችግር የለም» ነው የሚሉት። «አገኘሽው? አላልኩም? ችግር የለም!»

ጉንዳን ግን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ብቻዋን እየሞከረች ከሆነ፣ ሚዛኑን የተሻማት ማነው?

ደግሞም ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ኪሎ አላስገባችም። እሷ ያስገባችው የአዛውንት ክብደት ነው።

ቀስ ብላ ተቀመጠች። የታማሚውን ካርድ ቁጥር ገልጣ አየች፤ እነሱ ለሙከራ ከሚጠቀሙባቸው ቁጥሮች አይደለም። ክፍል የሚለውን አየች፤ ጨቅላ ሕፃናት። ሰርቨር የሚለውን አየች፤ የሆስፒታሉ ሰርቨር ስም ነው። የከፈተቻቸውን መስኮቶች ወደ ጎን ስትገፋ፣ ከሁሉም ኋላ ኬብል የከፈታት አንዲት ጥቁር መስኮት ተደብቃለች። ከዚህ ኮምፒዩተር እስከ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ድረስ መንገድ ዘርግቶ፣ ሲተከል ክፍት የተተወውን የዚያን ሰርቨር በር እዚህ ጋ አምጥቶ ከፍቶታል። ሳይዘጋው ነው የሄደው። የሷ በር ዝግ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው የበር ቁጥር የተከፈተው የሌላ ቤት በር ነው።

ስልኳ ጮኸ። ትንሿ ናት። ከትናንት ራት ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አለች፤ ሰላምታ የለም። «ኮምፒዩተሩ ቀጥ ብሏል። የኛ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ክፍል ነው። አንድ በመኪና የተገጨ ሰው ገብቷል፤ ሐኪሙ መጠን እየጠበቀ ነው።»

ጉንዳን ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ አለቃዋ ዞረች።

«ሆስፒታሉን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እዚህ ላይ የቆመው የኛ ሰርቨር አይደለም። የነሱ ነው። ሁሉም ቆሟል።»

ችግር የለም ክው አለ። «ታዲያ ልቀቂዋ! ምን ትጠብቂያለሽ? ልቀቂው!»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር። መጫን ብቻ ነው የቀራት። አልተጫነችም።

«ከለቀቅኩት ይሄ ሕፃን የሰባ አራት ኪሎ ሰው መድኃኒት ይታዘዝለታል» አለች። «ቁጥሩ አሁን ተሳስቶ ተቀምጧል። ዲበገሩን ብዘጋውም ያው ነው፤ ራሱ ይለቀቅና ይጨርሰዋል።»

«ነርሷ ታየዋለች። ነርስ አይደለች?»

«ካላየችስ?»

«ቁጥሩን አንቺ አስተካክይዋ! እዚያው መለወጥ ትችያለሽ አይደል?»

እውነቱን ነው፤ ትችላለች። ሰባ አራትን አጥፍታ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ መጻፍ የጣት ሥራ ነው። ጣቷን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበች። ሁለት ነጥብ ዘጠኝም ቢሆን በትክክል የዚህ ሕፃን ስለመሆኑ ምን ታውቃለች? ካርዱንስ ማን አየ? ላላየችው ልጅ፣ ከጎማ ሱቅ በላይ ቁጭ ብላ መድኃኒት ልታዝ ነው?

«አይሆንም» አለች።

ችግር የለም ማውዙን ሊይዝ እጁን ሰደደ። ጉንዳን ቀድማ መዳፏን ጫነችበት። ሁለቱም እዚያው ላይ ቆሙ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«አንቺ፣ እየሰማሁ ነው!» አለች ትንሿ ከስልኩ ውስጥ። «ምንድነው የምትሉት? የቱ ሕፃን?»

«ስሚኝ» አለች ጉንዳን። «ለተገጨው ሰው መጠኑን በእጅ አስሉለት። ኮምፒዩተሩን አትጠብቁ። ከዚያ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሂጂ። አንድ ነርስ መጠን ጠይቃ እየጠበቀች ነው። የሚወጣላት ቁጥር ውሸት ነው። በፍጹም እንዳትሰጥ።»

«ትናንት ደክሞሻል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ ነኝ። አንቺ ልክ ነበርሽ። አሁን ሩጪልኝ፣ በእናታችን!»

ስልኩ ውስጥ የትንሿ ድምፅ ራቅ ብሎ ተሰማ፤ «ዶክተር፣ በእጅ አስሉት፣ የድሮው ሠንጠረዥ ከመድኃኒት መደርደሪያው በላይ ተለጥፏል!» አንድ ወንድ የተቆጣ መልስ መለሰ። ቀጥሎ የጫማ ኮቴ፣ የሚወዛወዝ በር፣ ከዚያ ደረጃ። ስትሮጥ ትንፋሿ ስልኩን ይመታዋል።

ጉንዳን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። ሁሉም ቆሞ ሳለ፣ የቆመው ነገር ከጀርባው ምን እየሰበሰበ እንደሆነ ድንገት ታያት። ሰው የቆመ ገጽ ሲያይ ምን ያደርጋል? ደግሞ ይጫናል። ሦስተኛም ይጫናል። ጎረቤቱን ጠርቶ «እስቲ ባንቺ ሞክሪ» ይላል። ይሄኔ በየክፍሉ ያለች ነርስ ሁሉ እየተጫነች ነው። ጥያቄው ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። በለቀቀችው ቅጽበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባሉ፤ ሚዛኑ ደግሞ አንድ ነው።

«አለቃ፣ አንድ ሕፃን ብቻ አይደለም» አለችው፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አሁን ስለቀው ሁሉም ይደበላለቃል። የማን መጠን ለማን እንደሚወጣ አይታወቅም። ለመላው ሆስፒታል መነገር አለበት። ከኮምፒዩተሩ የወጣ ቁጥር ማንም እንዳይጠቀም።»

«ለመላው ሆስፒታል?» ማውዙን ለቀቀና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እንዲያ ካልን አለቀልን እኮ። ‹የሠራንላችሁን አትመኑት› ብለን በአፋችን? ከዚህ በኋላ ማን ደጃችንን ይረግጣል? ስምንት ሰው ነን፤ ስምንት ቤተሰብ ነው! ቀስ ብለን… ትንሽ በትንሽ ብንለቅ…»

«ትንሽ በትንሽ የሚባል ነገር የለም። ወይ ይቆማል ወይ ይሄዳል። ቆሞ በቆየ ቁጥር ደግሞ ወረፋው ይብሳል።»

«አንዴ አስቢ እንጂ!»

«አስቤ ነው።»

በስልኩ ውስጥ ኮቴው ቆመ። በር ተከፈተ። ትንሿ እያለከለከች፣ «እህቴ፣ መርፌውን አስቀምጪ። ምንም እንዳትሰጪ» ስትል ተሰማ። ሌላ የሴት ድምፅ፣ ለስለስ ያለ፣ ግራ የተጋባ፣ «ገና እኮ ነው፤ ቁጥሩን እየጠበቅኩ ነው፤ ምን ሆነሻል?» አለ። ከኋላቸው አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ አቅም ያጣ፣ የድመት ግልገል የሚመስል ልቅሶ። ቢሮውን ሞላው።

ችግር የለም ወደ ስልኩ አየ። እሱም የአራስ ልጅ አባት ነው፤ ሚስቱ ከወለደች ወር አልሞላትም። ከኪሱ የራሱን ስልክ አወጣ፣ ቁጥር ፈለገ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ማትሮን፣ እኔ ነኝ… አዎ፣ መቆሙን አውቃለሁ። ያቆምነው እኛ ነን። ማትሮን፣ ችግር አለ።» ከእሱ አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ጉንዳን ሰምታ አታውቅም። «ትልቅ ችግር ነው። ኮምፒዩተሩ አሁን ሲነሳ የሚያወጣውን መጠን ማንም እንዳያምን። ማንም። በድምፅ ማጉያ ያስነግሩልኝ… ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ሲያስነግሩ ነው የምንለቀው።»

ጠበቁ። መጠበቁ ከሁሉም ከበደ። ታች ጎማ ሻጩ ከአንድ ሹፌር ጋር ይሳሳቃል፤ መንገድ ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ ዓለም ሁሉ ሥራው ላይ ነው። ጉንዳን ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «የተገጨው ሰውስ?» ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም» አለች ትንሿ። «ጥዬው ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በትንሿ ስልክ በኩል፣ ከጣሪያ የሚወርድ የሴት ድምፅ መጣ። «ለሁሉም ክፍል ሠራተኞች። የመድኃኒት መጠን ከኮምፒዩተር እንዳትወስዱ። በእጅ አስሉ፤ ሁለት ሰው ያረጋግጥ። እደግመዋለሁ…»

«ልቀቂው» አለ ችግር የለም ቀስ ብሎ።

በጣቷ ልትጫን ስትል አንድ ነገር ያዛት። ቀይዋ ነጥብ እዚያው ናት። እሷን ሳታነሳ ብትለቀው የሚቀጥለው ጥያቄ እንደመጣ መልሶ ሊቆም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? መጀመሪያ ነጥቧን አጠፋች። አየች፤ ጠፍታለች። ከዚያ ተጫነች።

«መጣ!» አለች ትንሿ ወዲያው። «ቁጥሩ ወጣ።»

«ስንት ይላል?»

ያቺ ድምፀ ለስላሳ ነርስ ነች የመለሰችው። «ይሄ… ይሄማ የትልቅ ሰው ነው።»

«አየሽው አይደል? ባንነግርሽም ታዪው ነበር» አለቻት ትንሿ፤ ልታጽናናት መሰለ።

«አየው ነበር» አለች ሴትየዋ። ቆየት ብላ፣ «እንጃ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። እንጃ።»

ጉንዳን ዲበገሩን አላቀቀች፤ ኬብል የከፈታትን ጥቁር መስኮትም ዘጋች። ከዚያ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባችና የበላችውን ሁሉ አወጣች።

ኬብል ነገሩን በስልክ ሰምቶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዘግቼው የሄድኩ መስሎኝ…» አለ። ጉንዳን ልትጮህበት አስባ ነበር፤ ሲያዩት ግን የሚጮህበት አልነበረም። «ያንን በር ሆስፒታሉ ሰርቨር ላይም ዝጋው» አለችው ብቻ። «ዳግመኛ እንዳይከፈት አድርገህ።»

ከሰዓት በኋላ የራሷን ሰርቨር እንደገና አስነሳች፤ በዚህ ጊዜ በሩን ክፈት የምትለዋን ትእዛዝ አልረሳችም፤ የተገናኘችው ከማን ጋር እንደሆነም ሦስት ጊዜ አየች። በአንዱ መስኮት የሕፃን፣ በሌላው የአዋቂ ክብደት አስገባች። ዲበገሩ ሁሉንም ሳይሆን አንዱን ጥያቄ ብቻ እንዲያቆም አስቀድማ አዝዛ፣ የሕፃኑን ቀይ ነጥቧ ላይ አስቁማ፣ የአዋቂውን አሳለፈችና የሕፃኑን ለቀቀች። ሕፃኑ የአዋቂ መጠን ወጣለት። ደገመችው፤ እንደገና ወጣለት። አሁን ስሕተቱ በጠራችው ቁጥር የሚመጣ ሆነ። ማስተካከሉ ቀላል ነበር፤ ክብደቱን ከጋራው ቦታ አንስቶ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ቦታ መስጠት። የቢሮው ሰዎች ሁሉም አንብበውት፣ ሁሉም ደህና ነው ብለው ያሳለፉት መስመር ነው።

ችግር የለም ሆስፒታል ሄዶ ኃላፊዎቹ ፊት ቀርቦ ሲመለስ ወንበር ላይ ወደቀ። «ገና አልወሰኑም» አለ። «እስኪጣራ ድረስ በእጅ ይሠራሉ። ያለፈውን ሁሉ ወደ ኋላ እንመረምራለን ብለዋል፤ አንቺም ታግዣቸዋለሽ። ሌላው… እንደ ፈጣሪ ፈቃድ ነው።» ጉንዳን ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ደክሞት አላየችውም።

ወደ ማምሻው ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ትንሿን ጠበቀቻት። ትንሿ የሥራ ልብሷን በክንዷ አንጠልጥላ ወጣች። አልተሳሳሙም። ጎን ለጎን ወደ ታክሲው መሄድ ጀመሩ።

«የተገጨው ሰውስ?» አለች ጉንዳን።

«ኦፕራሲዮን ገብቶ ወጥቷል። ሐኪሙ ግን ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ጥዬው ስሮጥ ያበድኩ ነው የመሰለው።» የሥራ ልብሷን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ። በሰው ቋንቋ።»

ጉንዳን የሚዛኑን፣ የሽንኩርቱንና የድንቹን ምሳሌ ነገረቻት። ትንሿ በጥሞና ሰማች። ታክሲው ጋ ሲደርሱ ረዳቱ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው!» እያለ ጠራቸው። ትንሿ እግሯን አንስታ መልሳ አወረደች።

«ቆይ» አለች። «ትናንት ለአዛውንቱ የወጣልኝ የሕፃን መጠን ነው። እንግዲያው እኔ ስጽፍ የሆነ ሕፃን ክብደት እየተጻፈ ነበር ማለት ነዋ።»

«አዎ።»

«ያ ሕፃንስ? እሱ ምን ወጣለት?»

ጉንዳን በሐሳቧ ሒሳቡን ሠራችው፤ በኋላ የተጻፈው የሕፃኑ ከሆነ የወጣለት የራሱ ነው። ግን ሦስተኛ ሰው ገብቶ ከነበረስ? አዛውንቱን ብቻ ስታሳድድ ውላ፣ በሚዛኑ ማዶ የነበረውን ሰው አላሰበችውም።

ረዳቱን «ሂድ፣ አንሄድም» አሉትና ተመለሱ። ትንሿ ቀድማ፣ ጉንዳን ተከትላ፣ ቀን በሩጫ የተወጣውን ደረጃ ወጡ። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የማታዋ ተረኛ ገብታለች። ትንሿ የትናንቱን ሰዓት ነግራት ካርዶቹን ማገላበጥ ያዙ። አንዱን ያዩታል፤ አይደለም። ሌላውን ያዩታል፤ አይደለም። ጉንዳን ከመስተዋቱ ወዲህ ቆማ፣ በየማሞቂያ ሣጥኑ የተኙትን ልጆች ላለማየት ወለል ወለሉን ታያለች።

«ይሄ ነው» አለች ተረኛዋ።

ትንሿ ካርዱን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ አሰላች። ደግማ አሰላች። ከዚያ ቀና ብላ ጉንዳንን አየቻት።

«የራሱ ነው» አለች። «የተሰጠው ትክክለኛው ነው።»

ሕፃኑ ጥግ ላይ ነበር፤ እናቱ ደረቷ ላይ አስተኝታ ታጠባዋለች። ሦስት ሴቶች ድንገት ዞረው ሲያዩዋት ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ምነው? ምን ሆነ?» አለች።

ትንሿ ጎንበስ ብላ ብርድ ልብሱን ከሕፃኑ ጆሮ ላይ ገለጥ አደረገችው። «ምንም አልሆነ፣ የኔ እመቤት» አለቻት። «ጠባ ወይ ብለን ነው።»

«እየጠባ ነው» አለች እናትየው። «ዛሬ በደንብ እየጠባልኝ ነው።»